በማርያም ደጃፍ ከብስክሌት መውረድ

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ ብስክሌት ሲያልፍ ውሻ መጮኹን ረስቶ ቆሞ ያይ ነበር። ትስቃላችሁ? ሳቁ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኛም እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ፣ የብስክሌት ክበብ አቁመናል። ክበብ ስላችሁ ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ሦስት ነን። አንዱ እኔ፣ አንዱ ባዘዘው ልብስ ሰፊው፣ አንዱ ደግሞ አዱኛ። ብስክሌቶቻችን በዕድሜ ይበልጡናል። የእኔማ ፍሬን የሚባል ነገር የለውም፤ ማቆም ስፈልግ በረባሶዬን ከኋላ ጎማው ላይ እጭናለሁ፣ በቃ።

ታዲያ ይሄ አዱኛ የመሪጌታ ልጅ ነው። አባቱ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ፣ ከገበያው አፋፍ ካለችው ማርያም የሚያገለግሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ለድጓ አስበውት ነበር። እሱ ግን ዜማውን ጥሎ እስቴ መጣና አስኳላ ገባ፤ እሱም አልበቃ ብሎ ብስክሌት ላይ ወጣ። መሪጌታ ይሄን ሲሰሙ ምን ብለው ላኩበት መሰላችሁ? «በሁለት ጎማ የሚሄድ ልጅ አልወለድኩም!» ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። ለፋሲካ ቢሄድ በሩ አልተከፈተለትም፤ ከደጅ ውሎ ተመለሰ። እና ጎማ ስንለጥፍ ሁልጊዜ እንዲህ ይለኛል፦ «ደምሴ፣ አንድ ቀን አንደኛ ወጥቼ በፊታቸው ባልፍ፣ ያኔ ይታረቁኛል።»

ታዲያ አንድ ጊዜ የወረዳው የወጣቶች ሰብሳቢ ውድድር አወጀ። ከመካነ ኢየሱስ ተነስቶ፣ በደብረ ታቦር ዞሮ፣ ጉናን ታክኮ፣ ነፋስ መውጫ አድሮ፣ በማግስቱ ዓርብ፣ ገበያው እንደ ሞላ፣ አርብ ገበያ መግባት! አንደኛ የወጣ ጎንደር ወርዶ ከክፍለ ሀገሩ ብስክሌተኞች ጋር ይወዳደራል። አዱኛ ይሄን ሲሰማ እህል አልቀመሰም፤ ጎንደርም አለ፣ የአባቱ ደጅም አለ፣ ሁለቱም በአንድ መንገድ!

ሰብሳቢው ግን ጣቱን ቀስሮ፣ «ጓዶች! በየቤተ ክርስቲያኑ እየወረዱ መሳለም የለም! አብዮት ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎን አያይም! የወረደ ተሰርዟል!» አለን።

ለምን እንዲህ አለ? በእኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ይወርዳል፤ ይሳለማል፤ በቅሎውን እየሳበ ደጃፉን ያልፋል። ተቀምጦ ማለፍ ትዕቢት ነው፣ ነውር ነው። ብስክሌትስ? እዚህ ላይ ክርክር ተነሳ።

«የሚጋለብ ሁሉ በቅሎ ነው፤ እኔ እወርዳለሁ» አለ ባዘዘው።

«በቅሎ ነፍስ አላት፣ ይሄ ብረት ነው። እንዲያውም ብረት ላይ የተቀመጠ ሰው እግረኛ ነው» አለ አዱኛ።

«አንተስ ደምሴ?» አሉኝ።

«እኔ ፍሬን የለኝም» አልኳቸው።

እንዲህ ተባብለን ተነሳን። ባዘዘው ከከተማ ሳንወጣ በመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ወረደ፣ ተሰረዘ፣ ከነብስክሌቱ በሰብሳቢው መኪና ተጫነ። መኪና ላይ ሆኖ እንኳ ደጃፍ ባየ ቁጥር «አውርዱኝ! አውርዱኝ!» እያለ ሾፌሩን አሳበደው።

ጉና ሥር ስንደርስ ነፋሱ መጣ። ምን ዓይነት ነፋስ! አንድ ጊዜማ እኔን ከነብስክሌቴ አንስቶ ደብረ ታቦር መለሰኝና መንገዱን እንደ አዲስ ጀመርኩት። እውነቴን ነው! ነፋስ መውጫ ስደርስ ጢሜ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ተኝቶ ቀርቷል፤ እስከ መስከረም አልተቃናም።

በማግስቱ ቁልቁለቱ ሆነ። አዱኛ ከፊት ነው፤ ጀርባው ብቻ ይታየኛል። ገበያተኛው አህያውን ወደ ዳር እየነዳ «ኧረ እሳት መጣ!» ይላል፤ በረባሶዬ እየጨሰ ነዋ! ጨሰ፣ ጨሰ፣ በመጨረሻ አለቀ። ተረከዜ ብቻ ቀረ።

እና ማርያም ታየች። ከሥሯ ገበያው፣ መሀል ላይ ቀይ ጨርቅ ተወጥሮ፣ ሰብሳቢው «ና! ና! ና!» እያለ ባንዲራ ያውለበልባል። በደጃፏ ደግሞ መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አዱኛ አያቸው። ልብ በሉ እንግዲህ፣ ጨርቁ ከፊቱ ነው፤ ሁለት ጊዜ ፔዳሉን ቢረግጥ አንደኛ ነው፣ ጎንደር ነው። ያ «እግረኛ ነው» ባዩ ልጅ ፍሬኑን ያዘ። ብረቱ ጮኸ። ወረደ።

እኔስ? በምን ልቁም? ቆቤን አወለቅሁና «እመቤቴ ይቅር በይኝ፣ ፍሬን የለኝም!» እያልኩ በአጠገባቸው ተወነጨፍኩ፤ ጨርቁን በጥሼ፣ ገበያውን ሰንጥቄ፣ ከአንዲት እናት የጌሾ ክምር ውስጥ ገባሁ። ሰብሳቢው ጌሾውን ከላዬ ሳያራግፍ እጄን አነሳ፦ «አንደኛ!»

ተነስቼ እያነከስኩ ወደ አፋፉ ወጣሁ። አዱኛ ተሳልሞ ጨርሷል፤ ብስክሌቱን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። መሪጌታ ፊታቸውን ኮስተር አድርገዋል።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

«የርስዎ።»

«የእኔ ልጅ በእግሩ ነበር የሄደው።»

መሪጌታ ቀረብ አሉና በመቋሚያቸው ጎማውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ይቺ በቅሎህ ገብስ ትበላለች?»

«አትበላም አባቴ።»

«እንግዲያውስ አንተን ነው የምትበላው። ከስተሃል።»

ይሄን ብለው የብስክሌቱን መሪ እንደ ልጓም ያዙ። ሰብሳቢው ከታች «አዱኛ ተሰርዟል!» እያለ ይጮኻል፤ ማን ይስማው። በእኔ በኩል ሲያልፉ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ለልጃቸው፣ «ይሄን ብስክሌቱ ይዞት ሄደ። አንተ ይዘኸው መጣህ» አሉት። አባትና ልጅ ያቺን ብረት መሀላቸው አድርገው እየሳቡ ወደ ቤት ሄዱ፤ በሩም ተከፈተ።

እኔ ጎንደር ሄድኩ። የመጨረሻ ወጣሁ፤ ያውም ፍሬን ገጥመውልኝ። አዱኛ ጎንደርን በብስክሌት ሳያያት ቀረ፤ አንድ ቀንም ግን ሲጸጸት አልሰማሁትም። እኔ እንጂ አንደኛ የወጣሁት፣ ያንን ደጃፍ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

ይሄኔ ከአድማጮቹ አንዷ፣ «አያ ደምሴ፣ ፍሬን ቢኖርዎትስ? ይወርዱ ነበር?» አለቻቸው።

አያ ደምሴን ሳቅ አፈናቸው።

«አይ አንቺ ልጅ! ይቺን ጥያቄ እንዳትጠይቁኝ ብዬ አይደል እንዴ ያን ሁሉ ነፋስ ያወራሁላችሁ!»