ጓዳ የተጠቀለለው ምንጣፍ

በማሪ ከተማ፣ የኔፔስ ምንጣፍ እንዴት እንደ ተበላሸ በሰፈሩ ሁለት ወሬ ይነገር ነበር። ኔፔስ፣ «ለአጣቢዎቹ ደኅናውን ሰጠኋቸው፤ ቀዩን ቀለም በነጩ ላይ አፍስሰው መለሱልኝ» ይላል። አጣቢዎቹ ደግሞ፣ «እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሚስቱ በፍል ውሃና በልብስ ሳሙና ፈትጋዋለች፤ ቀለሙ የለቀቀው ያን ጊዜ ነው» ይላሉ።

የኔፔስ ጎረቤት፣ ሰፈሩ በአክብሮት «አጋ» የሚላቸው ሽማግሌው ሆጃምበርዲ፣ የኔፔስን ቃል አምነው፣ ምንጣፍ አጣቢ ደጃቸውን እንዳይረግጥ ምለዋል። ምክንያት አላቸው። ባለቤታቸው ኦጉልሶና ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብላ የሠራችው ምንጣፍ ከእሳቸው ጋር ቀርቷል።

አንድ ቀን ሁለት ትልልቅ ሐብሐብ ገዝተው ሲመለሱ ትንፋሽ አጠራቸው። አንዲት ወጣት ደርሳ አንዱን ተቀበለቻቸው።

«ይስጡኝ አጋ፣ መንገዴ ነው።»

«ተባረኪ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የሰዓት ሠሪው የመረድ። አክጀማል እባላለሁ። ከኮሌጅ ወጥቼ ምንጣፍ ማጠቢያ ቤት እሠራለሁ።»

ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆሙ። «ምነው ሐብሐቤን ሳትይዢ በነገርሽኝ!»

«ሐብሐብ አላጥብም፣ አይስጉ።»

ሳያስቡት ሳቁ። ሸክም ያገዘን ሰው ከደጅ መመለስ ነውር ነውና ለሻይ አስገቧት።

ሻዩ ሳይቀዳ አንዲት ብናኝ የምታህል የብል ቢራቢሮ ከጓዳ ወጥታ በረረች። አክጀማል በዓይኗ ተከተለቻት።

«ጓዳ ውስጥ የበግ ጠጉር ነገር አለ እንዴ?»

«የባለቤቴ ምንጣፍ ነው። ከሞተች ወዲህ እግር አልነካውም፤ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። በእሷ እጅ ሥራ ላይ ማን ደፍሮ ይቀመጣል?»

«ያሳዩኝ እስቲ። ካልፈቀዱ አልነካውም።»

ጥቅልሉ ሲፈታ መካከሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተመልጦ፣ ክሩ ብቻ ቀርቶ ተገኘ። ትናንሽ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሱበታል። ሽማግሌው ተንበረከኩ።

«ኦጉልሶና፣ ምን አደረግሁሽ!»

እኚህ ሰው ምንጣፉን የደበቁት ከፍቅር ብዛት ነው። ብል ግን ፍቅርን አያውቅም፤ የሚያውቀው ጨለማና ጸጥታ ነው።

«በክፋት ያደረጉት አይደለም» አለች አክጀማል አጠገባቸው ቁጭ ብላ። «ግን ሰው የሚቀመጥበትና ዘወትር የሚጠረግ ምንጣፍ ላይ ብል እንደዚህ አይመቸውም።»

«እንግዲያው አውጥቼ በዱላ አራግፈዋለሁ። አባቴም እንዲያ ነበር የሚያደርገው።»

«ማራገፉ ደግ ነው፤ አባትዎ አልተሳሳቱም። የሳሳውን ክር ግን ዱላው ይጨርሰዋል፤ ሥሩ የገባው የብል እንቁላልም አይወጣም። መታጠብ አለበት።»

«እንደ ኔፔስ ምንጣፍ?»

«እውነቱን ልንገርዎ። ሚስቱ በፍል ውሃ ማጠቧ እርግጥ ነው። እኛም ግን ቀለሙን ሳንፈትን ውሃ ውስጥ ከተትነው። ቸኮልን። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።»

ሆጃምበርዲ አጋ ቀና ብለው አዩዋት። የራሷን ጥፋት ያልሸሸገች ልጅ ስለ ሌላው የምትለውም ሊሰማ እንደሚገባው ታያቸው። «እስቲ ፈትኚው» አሉ።

ነጭ መሐረቧን በቀዝቃዛ ውሃ አርሳ ጥጉ ላይ ጫነችው። መሐረቡ ጥቁር እድፍ ያዘ፤ ቀይ ግን አልነካውም፤ ቀለሙ አይለቅም።

«ሽታዋስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የእጇ ሽታ አለበት። ሳሙናሽ ይወስድብኛል።»

«እስቲ ያሽትቱት።»

አጎንብሰው አሸተቱ። የሸተታቸው አቧራና የታፈነ ጓዳ ብቻ ነው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የለችም።»

«ሽታው ሄዷል፣ አጋ። በእጇ የቋጠረችው ክር ግን ይኸው አለ፤ በጣትዎ ይዳስሱት። ለእሱ እንድረስለት። በለዘብተኛ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ፣ ጠጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ ይታጠባል፤ ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ ይደርቃል። የተበላውን ቦታ በአዲስ ክር የምትቋጥር ሴት አለችን። ከዚያ በኋላ የእርስዎ ፈንታ ነው፤ በየሳምንቱ መጥረግ፣ አልፎ አልፎ ማዟዟር፣ ከሥሩ መመልከት። እንዲህ ከተያዘ ለልጅ ልጅዎ ልጅ ይደርሳል። ቤቱም ከአቧራ ያርፋል፣ እርስዎም ደኅና ይተነፍሳሉ።»

ሽማግሌው የምንጣፉን ቋጠሮዎች በጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያም ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ቤቱ ሙሉ ሰው ያለ ይመስል ጮክ ብለው ተናገሩ፦

«ይታጠብ! ሲመለስ ግን ጓዳ አይገባም። እዚሁ መስኮቱ ሥር ይነጠፋል፤ የልጅ ልጆቼ ይንከባለሉበት፣ እኔም በባዶ እግሬ እሄድበታለሁ።»