የፊደሉ ፊልምና ስምንቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች

ጋሽ በላይነህ ማክሰኞ ጠዋት ከካላክላ ካርቱም ሁለት ወደሚባለው ሰፈር በሃፍላ አውቶቡስ ሲሄዱ፣ አጠገባቸው አንዲት ልጅ አሮጌ ኮምፒውተር ታቅፋ ተቀምጣለች። ልብ ብለው ቢያዩ የጎረቤታቸው ልጅ ሜሮን ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታጠናው።

"ምነው ልጄ፣ ይህን ውዳቂ ተሸክመሽ?"

"ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት አግኝቼው ነው ጋሼ። ስምንት አሉኝ። የፊደሉ ፊልምዎስ ደረሰ?"

ጋሽ በላይነህ ከፋቸው። የሠርግ ቪዲዮ ሲሠሩ የኖሩት ሰውዬ፣ ፊደላት እንደ ሰው እየዘለሉ ልጆችን የሚያስተምሩበት የሥዕል ፊልም በካርቱም ላለው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን የአማርኛ ክፍል ጀምረዋል። ክፍሉ ተማሪ አጥቷል፤ ዓርብ ፊልሙ ታይቶ ልጆች ካልተመዘገቡ ይዘጋል። የገዛ ልጅ ልጃቸው ራሔል እንኳ በአማርኛ ሲጠሯት፣ አያቴ ለማለት "ጂዶ" ብላ በዓረብኛ ነው የምትመልስላቸው።

"የፊልሙ ሥዕል ሁለት ሺህ አራት መቶ ነው። ኮምፒውተሬ አንዱን ሠርቶ የሚጨርሰው በአምስት ደቂቃ ነው። ስምንት ቀን! ኸላስ፣ አበቃ፣ አይደርስም።"

"ለእነዚህ ስምንቱ ሦስት ሦስት መቶ እናካፍላቸው። ዘገምተኞች ናቸው፣ ግን በሁለት ቀን ይጨርሳሉ።"

"ወይ ጉድ! የእኔ ጎበዝ ያቃተውን እነዚህ ሽማግሌዎች?"

"አንዱ ሥዕል ሌላውን አይጠብቅማ ጋሼ። የመጀመሪያው እስኪያልቅ ሺኛው ለምን ሥራ ይፈታል? አገር ቤት አዝመራ ሲደርስ ብቻዎን ነበር የሚያጭዱት?"

"በደቦ ነው እንጂ!" አሉና የገዛ መልሳቸው አሳቃቸው። "እሺ፣ ያላ፣ በይ ስቱዲዮዬ አምጫቸው። የእኔ ግን አይነካም!"

አይ ጋሽ በላይነህ! ኮምፒውተራቸውን ጨርቅ አልብሰው የሚጠብቁ፣ ሥራ ማካፈል ሥራ ማበላሸት የሚመስላቸው ሰው ናቸው።

ሐሙስ ከሰዓት ሥዕሎቹ አለቁ። ጋሽ በላይነህ አንድ በአንድ ሲያዩ፣ በብዙዎቹ ላይ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን ተደርድሯል።

"አላልኩሽም!"

ሜሮን ደነገጠች። "ጥፋቱ የእኔ ነው። በሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ የአማርኛ ፊደል መጫን ረስቻለሁ። እርስዎ ባያዩት ጉድ ሆነን ነበር። ግን የስድስቱ ሥራ ደህና ነው፤ የምንደግመው ስድስት መቶውን ብቻ ነው።"

ጋሽ በላይነህ ተነሥተው ጨርቁን ከኮምፒውተራቸው ላይ ገፈፉ።

"የእኔስ ለምን ሥራ ይፈታል? አካፍዪው።"

ፊልሙ ለዓርብ ደረሰ፤ አርባ ሦስት ልጆችም ተመዘገቡ። ዛሬ ጋሽ በላይነህ የሠርግ ቪዲዮውንም ሥራ ለዘጠኙ ኮምፒውተሮች ያካፍላሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ይቀጥላሉ፣ የሳምንቱ ሥራ በቀናት ያልቃል። ጨርቁም አቧራ መጥረጊያ ሆኗል።

ያን ዓርብ ግን ፊልሙን ያየችው ራሔል እየሮጠች መጥታ እጃቸውን ያዘች።

"አያቴ! 'ራ' የእኔ ናት!"

ጋሽ በላይነህ ሰው ፊት መሆናቸውን ረስተው አለቀሱ።