ታሟል የተባለው ወይን

እስቲ አንዴ ሹካችሁን አስቀምጡ፤ ዶን ኢላሪዮን ለመሸኘት ሁለት ቃል አለኝ። ሥጋው አይሸሽም፤ በሬው ከሞተ ቆይቷል።

ዶን ኢላሪዮ እዚህ ማይፑ የወይን እርሻችን የገቡ ቀን የተሰጣቸው ሥራ አንድ ነበር፤ የውሃ ተራችን ሲደርስ የመስኖውን በር መክፈት። ከፈቱ። የተሳሳተውን በር! ውሃው የባለቤቱን ልጅ የቀለበት ድግስ አጥለቀለቀው። ልጅቷ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትጮህ እሳቸው ምን አሉ? «እመቤቴ፣ በዚህ በሜንዶዛ በረሃ ውሃ መጣብኝ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!»

ይሳቁ ይሳቁ፣ ዶን ኢላሪዮ፣ ገና አልጨረስኩም። መከርከሚያ መቀሳቸውን ያዋሱት ሰው እዚህ አለ? እኔን «ከመቀሴ ይልቅ የጥርስ ብሩሼን ውሰጂ» ነው ያሉኝ። የውጭ ቀማሾች ወይን ጠጁን ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያሸቱ፣ እሳቸው ፊት ለፊታቸው በሶዳና በበረዶ ይጋቱታል። አስጎብኚዋ «ይህን አሮጌ ማሳ መሥራቹ በገዛ እጃቸው ተከሉት» ስትል ደግሞ ከግንዱ ሥር ብድግ ይላሉ፦ «ታዲያ የአያቴን ወገብ ምን አጎበጠው?»

ሳቃችሁን ጨረሳችሁ? እንግዲህ መራራውን አብረን እንዋጠው።

ዶን ኢላሪዮ የሚሄዱት ደክሟቸው አይደለም። አዲሶቹ ባለቤቶች አሮጌውን ማሳ ነቅለው የሀብታም ቤት ሊሠሩበት ይፈልጋሉ። ማዘጋጃ ቤቱ የሚፈቅደው ደግሞ ወይኑ ከታመመ ብቻ ነው። የእርሻው ኃላፊ እሳቸው ናቸውና «ለማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ታሟል ይበሉ፤ ሌላውን ለእኛ ይተዉት» አሏቸው። ሥራ አስኪያጃችን ሴኞር ቤርቶሊኒ እዚያ ጥግ ተቀምጠዋል፤ ከዋሸሁ ያርሙኝ። ... ሥጋቸውን መቁረጥ ቀጠሉ። ጥሩ።

ዶን ኢላሪዮ «ጤነኛ አልቀብርም» ብለው ወጡ። በሳምንቱ «ዕድሜዎ ገፍቷል፣ ይረፉ» ተባሉ። ዕድሜ! ያ ማሳ የሳቸውን እጥፍ ኖሯል፤ ዘንድሮም ዘለላው ቅርንጫፍ ይሰብራል። ጣፋጭ ነገር ተናገሪ ተብዬ ነበር፤ አልቻልኩም።

ዶን ኢላሪዮ፣ ባለቤቴን የቀበርኩ ጊዜ የኔን የወይን ረድፍ ሁሉ ሳይነግሩኝ ከርክመው ጠበቁኝ። ላመሰግንዎ ስመጣ «የምን ረድፍ?» አሉኝ። ዛሬ እንዳይክዱ ሰው ፊት ነው የምናገረው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድም ቢኖረኝ ከዚህ በላይ አያደርግልኝም።

ከሰኞ ጀምሮ ቦታቸው የኔ ነው። ተቆጣጣሪውም ሰኞ ይመለሳል። ትናንት ባለቤቶቹ ቢሮ ጠርተው ያችኑ ቃል ሰጡኝ፦ «ታሟል በዪ፣ ኒዲያ።» ላስብበት ብዬ ወጣሁ። አሰብኩበት። ምስክር እንዲኖረኝ መልሴን እዚህ አመጣሁት፤ ሴኞር ቤርቶሊኒ፣ ወይኑ ጤነኛ ነው።

ብርጭቋችሁን አንሱ፤ የያዛችሁት ከዚያው ማሳ የተጠመቀ ነው። ለዶን ኢላሪዮ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ከባለቤትዎ ከዶኛ ዴሊያ አይለይዎ፣ ደጅዎ ጥላ አይጣ። እናንተም የተዋስነውን ወንበር ለመመለስ አትቸኩሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የምትሸኙት እኔን ነው።