በእድር መጠባበቂያ ድንኳን ጉዳይ የተሰጠ ቃል

ስም፦ ወ/ሮ አልማዜ ኃይለጊዮርጊስ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ ነርስ
አድራሻ፦ ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ነሐሴ 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ፣ የእድራችን ዳኛ የአቶ ወልደሥላሴ ባለቤት ነኝ። ተጠርጣሪውን አጓ ኡቻላን የእድሩ ንብረት ጠባቂ በመሆኑ አውቀዋለሁ፤ ቂምም ዝምድናም የለንም።

በ1985 ዓ.ም. እድሩ ሁለት ድንኳን አሠራ። አንዱ ለአገልግሎት ወጣ። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ሲያልቅ እንዲተካው፣ በመጠባበቂያነት ሳጥን ውስጥ ተቆለፈ። ድንኳን አሥር ዓመት ይቆያል የተባለው በትውልድ አገራችን በመንዝ ልማድ ነው። በጋምቤላ ፀሐይ ግን የመጀመሪያው በሦስት ዓመት ተበጣጠሰ።

ሐምሌ 30 ቀን የባለቤቴ አባት አረፉ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ መጠባበቂያው ሲወጣ ጠቁሮና ሻግቶ ተገኘ። ሊወጥሩት ሲስቡት ተቀደደ፤ ለቀስተኛውም ዝናብ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቴ በኀዘኑ ላይ ይህ ሲጨመርበት «አዲሱን ሸጦ አሮጌ ተክቷል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ አጓን አስያዘው። አጓ ሲወሰድ «ሲስተር፣ እኔ ሳጥኑን ነው የጠበቅሁት፤ ቁልፉ ጋሼ ጋ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ቁልፉ አንድ ነው፤ ከባለቤቴ አንገት ወርዶ አያውቅም።

ከቀብር በኋላ ጨርቁን ዘርግቼ አየሁት። ጠርዙን የሰፋነው እኔና ጎረቤቴ ወ/ሮ አኬሎ ነን። ነጭ ክር አልቆብን ማዕዘኑን በቀይ የጨረስንበት ስፌት እዚያው አለ፤ አኬሎም አይታ አረጋግጣለች። ድንኳኑ ያው የራሳችን ነው። የበላው እርጥበት እንጂ ሰው አይደለም።

ባለቤቴን «ድንኳኑን አውጥተን እናናፍሰው» ስለው «የክፉ ቀን ዕቃ በደህና ቀን አይነካም» ይለኝ ነበር። በመንዝ ብርድ ሳጥን የገባ ጋቢ ዓመታት ቆይቶ እንዳማረበት ይወጣል። እዚህ ግን አንድ ክረምት ያልተናፈሰ ጫማ ሻጋታ ያበቅላል። ይህን የኒውላንድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የእድር ዳኛ ሲሆን ይረሳዋል።

ዛሬ ጠዋት ስፌቱን ለባለቤቴ አሳየሁት። ቀዩን ክር በጣቱ ዳብሶ «የአባቴን ለቀስተኛ ዝናብ ያስደበደብኩት እኔ ነኛ?» አለኝ። «አዎ፣ አንተ ነህ» አልኩት። ኀዘንተኛን እንዲህ ማለት ከባድ ነው፤ ግን የሰው ልጅ ታስሯል። ባለቤቴ አሁን ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጧል። አጓን ይዞ ካልሆነ ቤት አልገባም ብሏል።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ባለቤቴን የሚነካውንም ሳላስቀንስ፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አጸናለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ጋትኩዋት ፊርማ ____________