በጋሽ ዘውገ ወገብ ልክ

(ረፋድ፤ ከከተማው ዳር ያለውን የአውቶቡስ ጣቢያ በሚያድሰው ፕሮጀክት ቢሮ በረንዳ ላይ፣ የቀድሞው ተራ አስከባሪ ጋሽ ዘውገ በዊልቸራቸው ተቀምጠው፣ የንድፍ ባለሙያዋ ኢንጂነር ትርሲት ንድፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ።)

ጋሽ ዘውገ፦ በጓሮ በር አልገባም አልኩሽ እኮ።

ትርሲት፦ የጓሮ በር አይደለም፣ ጋሽ ዘውገ። ንድፉ ላይ «ልዩ መግቢያ» ነው የሚባለው።

ጋሽ ዘውገ፦ የት ጋ ነው ያለው?

ትርሲት፦ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ።

ጋሽ ዘውገ፦ ልዩነቱማ ገና ከሩቅ በአፍንጫ ይታወቃላ።

ትርሲት፦ አዲስ ነው የሚሠራው፤ አይሸትም።

ጋሽ ዘውገ፦ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ጣቢያ ሠርቻለሁ። ሦስት ጊዜ አዲስ ሠርተውልናል፤ ሦስቱም «አይሸትም» ተብለው ነው የተመረቁት። ቁልፉስ ማን ጋ ነው የሚሆነው?

ትርሲት፦ ጥበቃው ጋ። ያንኳኳሉ፣ ይከፍትልዎታል።

ጋሽ ዘውገ፦ ቁርስ ሊበላ ወጣ ካለስ?

ትርሲት፦ እስኪመጣ ትንሽ ይጠብቁታል።

ጋሽ ዘውገ፦ ይኸው ችግሬ። የተራ አስከባሪዎቹ ማኅበር ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «የማይክራፎኑ ሥራ ያንተው ነው፤ ቁጭ ብለህ ተራ ትጠራለህ። ብቻ ጠዋት ጠዋት ራስህን ችለህ ግባ፤ የሚያስገባህ ሰው መመደብ አንችልም።» እንግዲህ በር ላይ ቆሜ ጥበቃውን ስጠራ ልዋል? ይቅርታ፣ ተቀምጬ።

ትርሲት፦ ከታመሙ ወዲህ ሥራ አልጀመሩም እንዴ?

ጋሽ ዘውገ፦ ሰባት ወር ቤቴ ነኝ። የሳሎን ወንበሮች ሳሰልፍ ነው የምውለው። ሚስቴ ትናንት አንዱን ወንበር ጎትታ ልትቀመጥ ስትል «ተራሽ አይደለም» አልኳት። ከቤት ልታስወጣኝ ምንም አልቀራት።

ትርሲት፦ ታዲያ እኔ ምን ላድርግልዎት?

ጋሽ ዘውገ፦ ፊት ለፊት ያሉትን የሰልፍ ብረቶች አስፊልኝ። የወንበሬ ስፋት ስልሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ነው፣ በብረቶቹ መሃል ያለው መተላለፊያ ሃምሳ። ሁለት እግር ቀንሼ እንኳ አልገባሁበትም።

ትርሲት፦ ብረቶቹን? እነሱን ሕዝቡ አያስነካም። ባለፈው ስብሰባ ጣሪያው ይፈርሳል ስንል ማንም ትንፍሽ አላለም። ብረቱ ላይ ስንደርስ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «የጋሽ ዘውገን ብረት እንዳትነኩ» አለን።

ጋሽ ዘውገ፦ ስሜን ባያነሱ ምን ነበረበት።

ትርሲት፦ ደግሞ ለወንበርዎ መውጫ ራምፕ ሠርተንልዎታል እኮ። ባለፈው ወር ነው ያለቀው።

ጋሽ ዘውገ፦ አይቼዋለሁ። ሽቅብ ሲወጡት ደስ ይላል። መጨረሻው ላይ የመብራት ምሰሶ ቆሞ ይጠብቅሻል።

ትርሲት፦ ምሰሶው ንድፉ ላይ አልነበረም።

ጋሽ ዘውገ፦ እሱም ንድፍሽን አላየም መሰለኝ።

ትርሲት፦ ምሰሶው እንዲነሳ ደብዳቤ ጽፈናል። የብረቱ ግን ሌላ ነው። ስፋቱ ዝም ብሎ የተወሰነ አይደለም፣ ጥናት አለው።

ጋሽ ዘውገ፦ የማን ጥናት?

ትርሲት፦ የድሮው ንድፍ ላይ ተጽፏል። ሃምሳ ሳንቲ ሜትር፣ በቀይ ተከብቦ። እኔም ሪፖርቴ ላይ «በጥናት የተረጋገጠ» ብዬ አስገብቼዋለሁ።

ጋሽ ዘውገ፦ ጥናቱን አንብበሽዋል?

ትርሲት፦ ፈልጌ አጣሁት። የውጭ አገር መለኪያ ነው የመሰለኝ።

ጋሽ ዘውገ፦ አገር ውስጥ ነው። የእኔ ወገብ ነው።

ትርሲት፦ ምን አሉ?

ጋሽ ዘውገ፦ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ብየዳ ሠሪው መጥቶ «በስንት ላራርቀው?» አለኝ። ሜትር አልያዘም፣ እኔም የለኝም። ሁለቱ ብረቶች መሃል ገብቼ ቆምኩና «እዚህ ላይ በይደው» አልኩት። በኋላ ንድፍ ሊሠራ የመጣው ሰውዬ ለካውና ወረቀት ላይ አሰፈረው። ያ ነው ጥናቱ።

ትርሲት፦ ይቀልዳሉ።

ጋሽ ዘውገ፦ ምነው በቀለድኩ። ይባስ ብሎ የሻይ ቤቷ ልጅ እያየችኝ ነበር። ትከሻዬን ሰብስቤ፣ ሆዴን ስቤ፣ ልክ እንደ ምልምል ወታደር ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት። ይህ ሁሉ ሕዝብ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በተሳበ ሆድ ልክ ሲያልፍ ኖረ።

ትርሲት፦ ልጅቷስ?

ጋሽ ዘውገ፦ ሌላ አገባች። ሰፊ ሰው ነው።

ትርሲት፦ አምስት ዓመት ተምሬ፣ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዬ የአንድ ሰው ወገብ መገልበጥ ሆነ። ያውም ፈርሜበት።

ጋሽ ዘውገ፦ አይዞሽ፣ ያኔ ጥሩ ወገብ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እኔ ራሴ በጎን ነበር የማልፈው። ሰው ሲያየኝ ሰልፉን የምቆጣጠር እመስል ነበር።

ትርሲት፦ ግን ያን ያህል ማጥበብ ለምን አስፈለገ?

ጋሽ ዘውገ፦ «አብሮኝ ነው»ን ለማጥፋት ነዋ። አንቺ አልደረስሽበትም። አንድ ሰው ብቻውን ይሰለፍና አውቶቡሱ ሲመጣ አምስት ሆኖ ይገባል። «እሷ አብራኝ ነች፣ እሱም አብሮኝ ነው፣ ያ ባለ ባርኔጣውም አብሮኝ ነው።» ስሙ ማን ነው ስትይው አያውቀውም። አንዱማ ሚዜዎቹን በሙሉ አስገባ። ብረቱ ከቆመ በኋላ ጎን ለጎን መቆም ቀረ።

ትርሲት፦ ብናሰፋው ታዲያ ተመልሶ አይመጣም?

ጋሽ ዘውገ፦ ይመጣል። ማይክራፎኑን ስጡኝና እኔ እይዘዋለሁ፤ አፌ አልተቆረጠ።

ትርሲት፦ ሰዉ ግን ብረቱን እስከ ዛሬ ተማርሮበት አያውቅም። አንድም አቤቱታ የለም፣ ፋይሉን አገላብጬዋለሁ።

ጋሽ ዘውገ፦ ማን ያማርር? የተቀረቀረ ሁሉ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። እርጉዟ ሆዷን ይዛ ታፍራለች፣ ሻንጣ የያዘው ሻንጣውን ይረግማል። እኔም እንደነሱ ነበር የማስበው። ወይዘሮ አልጣሽን ታውቂያታለሽ? ቅመም ነጋዴዋን።

ትርሲት፦ አላውቃቸውም።

ጋሽ ዘውገ፦ ደልደል ያለች ሴት ነች። አንድ ቀን ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ብረቱ መሃል ተያዘች። እኔ ምን አልኳት? «እራት ቀንሺ።» በማይክራፎን። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ጣቢያው ደርሳ አታውቅም፤ ገበያ የምትሄደው በእግሯ ነው። እግሬ ሲቆረጥ ሆስፒታል ቀድማ የመጣችው እሷ ነች። ሾርባ ይዛ። አፈርኩ፣ ልጄ። አሁንም አፍራለሁ።

ትርሲት፦ ይህን ነገ ስብሰባው ላይ ይናገሩት። ነገ ንድፉ ይጸድቃል፤ ከጸደቀ በኋላ እኔ አንዲት መስመር ማንቀሳቀስ አልችልም።

ጋሽ ዘውገ፦ አንቺ ተናገሪልኝ። የተማርሽ ነሽ።

ትርሲት፦ እኔ ብናገር «ተሰልፈሽ የማታውቂ፣ ስለ ሰልፍ ምን አገባሽ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ጣቢያውን ያየሁት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱንም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው በሌለበት። ምሰሶውንም ያላየሁት ፀሐዩን ሽሽት እሱው ጥላ ውስጥ ቆሜ ስለነበር ነው።

ጋሽ ዘውገ፦ ስለዚህ እኔ ልናገር? «የምትመኩበት ብረት ሴት ለማማለል ሆዴን ስቤ የለካሁት ነው» ልበል? ስሚኝ እስቲ። እግሬ ሄዷል። ሥራዬ ሄዷል። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲያየኝ «ብረቱን ያቆሙት ጋሽ ዘውገ» ይላል እንጂ «እግር የሌላቸው ሰውዬ» አይልም። የቀረችኝ ይህቺ ስም ነች።

ትርሲት፦ ብረቱ ይነሳ፣ ስሙ ግን ይኑር ነው የሚሉኝ።

ጋሽ ዘውገ፦ «አዲስ ጥናት ተደርጎ ሰፋ» ብለሽ ጻፊበት። አንዴ ጽፈሽ የለ?

ትርሲት፦ ሁለተኛ አልጽፍም። ወይ ይናገራሉ፣ ወይ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያንኳኳሉ።

ጋሽ ዘውገ፦ አሁን ሽንት ቤት ሆነ አይደል? እሺ፣ ስብሰባው የት ነው?

ትርሲት፦ አዳራሹ ውስጥ። ሁለተኛ ፎቅ።

ጋሽ ዘውገ፦ አሳንሰር አለው?

ትርሲት፦ ቦታ ተትቶለታል። ጉልበት ያላቸው ልጆች አሉ፣ ተሸክመው ያወጡዎታል።

ጋሽ ዘውገ፦ የስብሰባው ርዕስ ምንድን ነው?

ትርሲት፦ ተደራሽነት።

ጋሽ ዘውገ፦ ማን ነው ቦታውን የመረጠው?

ትርሲት፦ እኔ ነኝ። መጥሪያው ላይም «አካል ጉዳተኞች በብዛት እንዲገኙ» ብዬ ጽፌያለሁ። ይሳቁብኝ፣ ይገባኛል።

ጋሽ ዘውገ፦ በምን አፌ? እኔና አንቺ አብረን ሠርተን ቢሆን ይህ ከተማ እስካሁን ተቀርቅሮ ቀርቶ ነበር።

ትርሲት፦ ስብሰባውን ጣቢያው ላደርገው እችላለሁ። ዛሬውኑ ስልክ እደውላለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰልፉ እንዳለ። ንድፉን የሚያጸድቀው ኮሚቴም እዚያው ይምጣ።

ጋሽ ዘውገ፦ አንድ ሰዓት ላይ እኮ ጣቢያው ጢም ብሎ ይሞላል።

ትርሲት፦ ይሙላ። እርስዎ ወንበርዎን እየገፉ ወደ ብረቱ ይገባሉ።

ጋሽ ዘውገ፦ አያሳልፈኝም እኮ። መግቢያው ላይ ተቀርቅሬ እቀራለሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ ይረፍድበታል።

ትርሲት፦ አዎ። እኔም ከኋላዎ እሰለፋለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጋሽ ዘውገ፦ ይጮሁብኛል። ያ ሁሉ ያከበረኝ ሰው።

ትርሲት፦ ሊጮሁ ይችላሉ። ያን ጊዜ በማን ልክ እንደተሠራ ይነግሯቸዋል። ካልፈለጉ ደግሞ አልፈርድብዎትም። ንድፉን እንዳለ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ።

ጋሽ ዘውገ፦ ብረት መቁረጫ የያዘ ሰው አጠገቤ አቁሚልኝ፤ ተናግሬ እንደጨረስኩ ይጀምር፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።