የጥርስ ገበር

የእህታቸው ልጅ ከምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ስትመለስ የነጭ ጋዋኗ ቁልፍ ባይበጠስ ኖሮ፣ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ጉዳቸውን ደብቀው በከረሙ ነበር። ቁልፉን ተክለው ክሩን እንደ ልማዳቸው በፊት ጥርሳቸው ሊበጥሱ ሲሉ ፊታቸው ጭምድድ አለ።

«ምነው ጋሼ?»

«ብርድ ነው የመታኝ። ቀዝቃዛ ውሃ በነካው ቁጥር ጥርሴን ይነዝረኛል። እኔም አልተኛሁለት፤ ጠዋት ማታ በከሰልና በጠንካራ ብሩሽ እፈትገዋለሁ!»

ብርድን ፈትጎ ለማስወጣት በተነሳ ሰው ባለሙያ ብትስቅ አይፈረድባትም። እሷ ግን ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«ጋሼ፣ የኮት ላዩ ሲሳሳ ምን ይታያል?»

«ገበሩ ነዋ!»

«ጥርስም እንደዚያው ነው። ላይኛው ሽፋን በኃይለኛ ፍተጋ፣ ሎሚ በመምጠጥ፣ ጥርስ በማፋጨት፣ ክር በመበጠስም ይሳሳል። ድድም ይሸሻል። ያኔ ገበሩ ይጋለጥና ይነዝራል። የተቦረቦረና የተሰነጠቀ ጥርስም ይነዝራል፤ የቱ እንደሆነ ታይቶ ነው የሚለየው። ነገ አብረን እንሂድ።»

ሽማግሌው የሟች ሚስታቸው ነገር ትዝ ብሏቸው መርፌያቸውን አስቀመጡ። «አክስትሽ ሄዳ ምን ሆነች? የፊት ጥርሶቿን ነቅለው ሰደዷት። ከዚያ ወዲህ እስክትሞት ድረስ እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ አልሳቀችም። ያን ሳቋን እንዴት እንደምወደው አታውቂም።»

«ጥፋቱ የመሄዷ ሳይሆን የመዘግየቷ ነው፤ የሄደችው ፊቷ ካበጠ በኋላ ነበር» አለች ልጅቱ በለሰለሰ ድምፅ። «ነዝሮ ወዲያው የሚያልፍ ከሆነ ለስላሳ ብሩሽና ለሚነዝር ጥርስ የተዘጋጀ የጥርስ ሳሙና ለጥቂት ሳምንት ይሞከራል፤ ካልተሻለ ሐኪም ይየው። ቀዝቃዛው ካለፈ በኋላም ከቆየ፣ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ፣ ሲያኝኩ ካመመ ግን ዛሬ ነገ ማለት የለም። እብጠት ወይም ትኩሳት ካለማ በዚያው ቀን ነው። የእርስዎስ ይቆያል?»

«ይቆያል» አሉ ቀስ ብለው።

«ቀዳዳዋ ትንሽ ሳለች ልብሱን ሳያመጣ የቀረውን ደንበኛ ምን ይሉታል?»

«የምለውንማ ስትሰሚ አድገሻል!» አሉና ሳይወዱ ፈገግ አሉ። እሺ ማለታቸው ነበር።

በማግስቱ ሐኪሟ አንዲት ቀዳዳ ሞላች፤ የሳሳውን ቦታ መድኃኒት ቀባች፤ ከሰሉን፣ ጠንካራውን ብሩሽና ክር መበጠሱን ከለከለች። የነቀላ ነገር ጨርሶ አልተነሳም።

ልጅቱ ደስ ብሏቸው ይወጣሉ ስትል፣ ሽማግሌው የተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ።

«አክስትሽን ‹ቻይው፣ ብርድ ነው፣ ያልፋል› ያልኳት እኔ ነበርኩ» አሉ፤ እንባቸው ወረደ።

«አላወቁም ነበር ጋሼ» ብላ እጃቸውን ያዘች።

አጠገባቸው ጉንጯን ይዛ የተቀመጠች አንዲት ሴት ተራዋ ሳይደርስ ሹልክ ልትል ተነሳች። ሽማግሌው እንባቸውን ጠረጉ።

«አትሂጂ ልጄ። እኔ አሁን ከሐኪሟ ዘንድ መውጣቴ ነው፤ ይኸው ጥርሴ አንድም አልጎደለ። ከፈራሽ አብሬሽ እገባለሁ» አሏት።

ሴትዮዋ ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች።