የአብዲን ራውተር ስንፈትሽ

ጎረቤቴ አብዲ፣ ሚስቱ ነኢማ ከዱባይ የላከችለትን ውድ ራውተር እንድፈትሽለት ጠራኝ። ፈረስ መጋላ ገበያ ስልክ ስለምጠግን በዚህ ነገር እኔን ያምናል። የጀጎል ቤት የድንጋይ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ የተራ ራውተር ዋይፋይ ከአንድ ክፍል አያልፍም። ስለዚህ ለነኢማ በቪዲዮ ደወልንላትና ስልኩን ይዘን ከክፍል ክፍል ዞርን። ምስሏ አንዴም አልተቆራረጠም። በየገባንበት ግን ትቆጣለች። «ያ ፎጣ ለምን መሬት ተጣለ? ድስቱንስ ማን ይክደንልህ?»

«አየህ? ማምለጫ አሳጣችኝ፣ ወላሂ!» አለ አብዲ እየሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚቆጣኝ ሰው የለም። ቀናሁበት። ዕቃው አንድ እንከን እንዲገኝበት ተመኘሁ።

«እስቲ አንተ ቤት ይደርስ እንደሆነ ይዘሃት ሂድ» አለኝ አብዲ። የምንዋሰነው በአንድ ግድግዳ ነው። ስልኩን ይዤ ቤቴ ስገባ ትንሿ ልጄ ሮጣ መጣች። ነኢማ ገና ስታያት ጮኸች።

«ውይ! አንተ ሰውዬ፣ የልጅ ፀጉር እንዲህ ነው የሚያዘው? ቅባት አምጣ! ማበጠሪያውንስ የት ጣልከው?»

ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ ልጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ማበጠር ጀመርኩ።

«ቀስ በል እንጂ! ከጫፉ ጀምር» ትለኛለች። ምስሏ ጥርት ያለ ነው።

አብዲ ከግድግዳው ማዶ ተጣራ። «እህ፣ ይሠራል?»

«ቆይ፣ ገና እየሞከርኩ ነው» አልኩት።